የስታርች ጠባይ ሲለወጥ፦ ከምሥራቅ ጎጃም ጓዳ እስከ ፋብሪካ

ቢቸናና ሞጣ ከጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው የምሥራቅ ጎጃም ምድር ላይ የሚገኙ ከተሞች ሲሆኑ፣ የቢቸና ዙሪያ በዋልካ መሬቱና በጤፉ፣ የሞጣ ዙሪያ ደግሞ ከጤፉ በተጨማሪ በስንዴ፣ በገብስና በድንች ይታወቃል። እነዚህ ሰብሎች በመልክም በጣዕምም የማይገናኙ ቢመስሉም፣ ውሃቸው ሲወጣ ከሚቀረው ክብደት ትልቁ ድርሻ አንድ ነገር ነው፤ እርሱም በሳይንስ ስታርች፣ ለልብስ ማጠንከሪያነት በሚሸጥበት ሱቅ ደግሞ አሚዶ የሚባለው ነጭ ዱቄት ነው። ስታርች ተክል በፀሐይ ብርሃን ኃይል የሠራውን ስኳር በፍሬው ወይም በሥሩ ውስጥ ለነገ ስንቅ አድርጎ የሚያስቀምጥበት መልክ ሲሆን፣ ሰውም ከምግቡ የሚያገኘውን ጉልበት በአመዛኙ የሚወስደው ከዚሁ ስንቅ ነው። ከምግብነቱ ባሻገር ወረቀት የሚያጠነክረው፣ ካርቶን የሚያጣብቀው፣ የፋብሪካ ድር እንዳይበጠስ የሚያለብሰው፣ የመድኃኒት ክኒን ቅርጹን ይዞ እንዲቆይ የሚያደርገውም ይኸው ስታርች ነው፤ ይህን ሁሉ የሚሠራው ግን ከእህሉ እንደ ወጣ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠባዩ በሙቀት፣ በኢንዛይም ወይም በኬሚካል ከተለወጠ በኋላ ነው።

የስታርች መሠረቱ ግሉኮስ፣ ማለትም በሆስፒታል ለሕሙማን በደም ሥር የሚሰጠው ስኳር ነው። ከመቶዎች ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ሺዎች የሚደርሱ ግሉኮሶች እየተያያዙ ሁለት ዓይነት ሰንሰለት ይሠራሉ፤ አንደኛው አሚሎስ የሚባለው፣ ረጅምና ከሞላ ጎደል ቅርንጫፍ የሌለው ሲሆን፣ ሁለተኛው አሚሎፔክቲን የሚባለው፣ ከመጀመሪያው እጅግ የሚበልጥና በብዙ ቅርንጫፎች የተከፋፈለ ነው። በአብዛኞቹ እህሎች ከስታርቹ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው አሚሎስ፣ ቀሪው አሚሎፔክቲን ሲሆን፣ ሁለቱ ተጠቅጥቀው በዓይን የማይለዩ ቅንጣቶች ይሆናሉ። የቅንጣቱ መጠን ከሰብል ሰብል እጅግ ይለያያል፤ የድንች ቅንጣት እስከ 100 ማይክሮሜትር፣ ማለትም እስከ አንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ሊደርስ ሲችል፣ የጤፍ ቅንጣት ግን ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ይህ የመጠን ልዩነት ቀላል ነገር ቢመስልም፣ የትኛው ሰብል ለፋብሪካ እንደሚመች ሲታሰብ ወሳኝ ሆኖ ይገኛል።

ቅንጣቱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ቢበጠበጥም ጥቂት ቆይቶ ከሥር ይዘቅጣል። ውሃው ሲሞቅ ግን፣ እንደ ሰብሉ ዓይነት ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ላይ፣ ቅንጣቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ አሚሎሱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ቀጭን የነበረውም ብጥብጥ ወፍራም ሙቅ ይሆናል። ሙቁ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የተበታተኑት ሰንሰለቶች ተመልሰው እየተጠጋጉ ይረጋሉ፣ የያዙትንም ውሃ ቀስ በቀስ ይተፋሉ። ያደረ ገንፎ የሚደድረው፣ ያደረ ዳቦም የሚጠነክረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስታርችን በኬሚካል የመለወጥ ሥራ በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ከማበጡና ከመድደሩ ጋር የሚደረግ ትግል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የምሥራቅ ጎጃም ባለሙያ ሴት ይህን ትግል ከኬሚስቶቹ ቀድማ ታውቀዋለች። የጤፍ ሊጥ ለሁለትና ለሦስት ቀን ከቦካ በኋላ ከላዩ ያጠለለው ውሃ ይቀዳል፤ ከሊጡም ጥቂቱ ተወስዶ በውሃ ይቀጥንና በእሳት ላይ እየተማሰለ ይፈላል፤ ይህ አብሲት ነው። አብሲቱ ለብ እስኪል ቀዝቅዞ ወደ ዋናው ሊጥ ሲመለስ ሊጡ እንደገና ይነሣል፣ ኩፍ ሲልም ለመጋገር ይደርሳል። የአብሲቱ ሥራ በስታርች እውቀት ሲታይ ግልጽ ነው፤ ጤፍ ስንዴ እንዳለው ዓይነት አየር የሚይዝ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን የለውም፣ ጥሬው የጤፍ ስታርችም ውሃ አይዝም፤ ስለዚህ የሊጡ አንድ ክፍል ተቀቅሎ ስታርቹ ሲያብጥ፣ ቀሪውን ሊጥ የሚያያይዝና እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ የሚይዝ ሙጫ ይሆናል። የእንጀራው ዓይን ጥርት ብሎ የሚወጣውም ያ አየር በምጣዱ ሙቀት ሲያመልጥ ነው። አብሲት ሳይጣልበት የተጋገረ እንጀራ ዓይኑ ደካማ፣ መልኩም የደነዘዘ የሚሆነው ይህ ሙጫ ስለሚጎድለው ነው። አብሲት እንግዲህ በሙቀት የተለወጠ ስታርች ነው፤ በውጭ አገር ፋብሪካዎች ስታርችን ቀድመው ቀቅለው በትኩስ ከበሮ ላይ በማድረቅ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ የሚወፍር ዱቄት አድርገው የሚሸጡትም በዚሁ መርሕ ነው።

ከአብሲት ሌላ ሁለት የጓዳ ሙያዎች እዚህ መነሣት ይገባቸዋል። የመጀመሪያው በሶ ነው። ገብሱ ሲቆላ ደረቁ ሙቀት የስታርቹን ሰንሰለቶች በከፊል ይቆራርጣቸዋል፣ የተወሰኑትንም አጫጭር ቁርጥራጮች እንደገና ያጣብቃቸዋል፤ በዚህ ዓይነት የሚገኘው፣ በውሃ የሚሟሟውና የሚያጣብቀው ነገር ዴክስትሪን ይባላል። በሶ እሳት ሳይነካው በውሃ ተበጥብጦ ወይም ተጨብጦ ለመበላት መቻሉ፣ ለመንገደኛም ስንቅ ሆኖ መኖሩ፣ አስቀድሞ በመቆላቱ ምክንያት ነው። በገዳማትና በአድባራት የኖሩ የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም ሲበጠብጡ ከጥላሸቱ ጋር የተቆላ እህል መጨመራቸውም ከዚህ ጋር አብሮ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ከቁላቱ የሚገኘው ሙጫነት ያለው ነገር ጥላሸቱን በብራናው ላይ ለማያያዝ ሊረዳ እንደሚችል ከጠባዩ መገመት ይቻላል፣ እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ያለ የትምህርት ማእከል በቢቸና አቅራቢያ መኖሩም ይህን የቀለም ሙያ በኬሚስትሪ ዓይን ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው መልካም አጋጣሚ ነው። ሁለተኛው ሙያ ብቅል ነው። የበቀለ ገብስ ስታርችን ወደ ስኳር የሚቆርጡ አሚሌስ የሚባሉ ኢንዛይሞችን ያወጣል፤ ጠላ ጠማቂዋ ከእንኩሮው ጋር ብቅል የምትቀላቅለው እርሾው ስታርቹን በቀጥታ መብላት ስለማይችልና ስኳር ሆኖ እንዲቀርብለት ስለሚያስፈልግ ነው። ፈረንሳውያኑ ኬሚስቶች ፓየንና ፐርሶ ከብቅል ይህን ኢንዛይም ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1833 ሲሆን፣ ስለ ኢንዛይም የሚያጠናው የዕውቀት ዘርፍ ከዚያ ግኝት ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ኬሚካሉ ወደ ስታርች ታሪክ የገባው ከዚያ 22 ዓመት ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1811፣ በናፖሊዮን ጦርነቶች ምክንያት ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረው የሸንኮራ ስኳር በአውሮፓ ባነሰበት ወቅት፣ በሩሲያ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ኪርሆፍ ስታርችን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር በማፍላት ጣፋጭ ሽሮፕ አገኘ። ከ10 ዓመት በኋላ በደብሊን ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ በመጋዘን የነበረው ስታርች እንደ ቆሎ ሲቆላ፣ ውሃ የነካው ክፍል ጠንካራ ሙጫ ሆኖ እንደ ተገኘና የዴክስትሪን ንግድ ከዚያ እንደ ጀመረ ይነገራል። ይህ ታሪክ ዝርዝሩ እንደ ተራኪው ቢለያይም፣ ዴክስትሪን በፖስታ ቴምብር ጀርባና በፖስታ ክዳን ላይ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል መኖሩ የተረጋገጠ ነው።

ጥሬ ስታርች ለፋብሪካ ሥራ የማይመችባቸው ምክንያቶች ጥቂቶች አይደሉም። ሙቁ ከመጠን በላይ ስለሚወፍር በቧንቧ ለመግፋት ያስቸግራል፤ ለረጅም ጊዜ ከፈላ፣ በኃይል ከተማሰለ ወይም እንደ ሎሚ ያለ ኮምጣጣ ነገር ከገባበት ይቀጥናል፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ደግሞ ውሃው ለብቻው ይወጣል። ኬሚስቱ ለእያንዳንዱ ችግር መልስ የሚፈልገው በሰንሰለቱ ላይ ነው። በሰንሰለቱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ግሉኮስ ሃይድሮክሲል የሚባሉ፣ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ሦስት መያዣዎች አሉት፤ ሌላ ኬሚካል የሚታሰረው በእነዚህ ላይ ነው። ከአንድ መቶ ግሉኮሶች መካከል በጥቂቶቹ ላይ ብቻ አዲስ ነገር ቢታሰር እንኳ የስታርቹ ጠባይ ፈጽሞ ሊለወጥ ይችላል፤ ይህም በምግብ ላይ የሚውለው የተለወጠ ስታርች እጅግ አነስተኛ ኬሚካል ብቻ የሚነካው ለምን እንደ ሆነ ያስረዳል።

ቀላሉ መንገድ ማቅጠን ነው። ስታርቹ በውሃ ተበጥብጦ፣ ከማበጫው ሙቀት በታች በሆነ፣ ወደ 50 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት፣ ጥቂት ሃይድሮክሎሪክ ወይም ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመርበትና ለሰዓታት ይቆያል፤ ከዚያም አሲዱ እንዲመክን ተደርጎ ስታርቹ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ቅንጣቱ በመልኩ እንደ ነበረ ቢታይም በውስጡ ሰንሰለቶቹ ስለ ተቆራረጡ ሲፈላ ቀጭን ይሆናል፤ ብዙ ስታርች በጥቂት ውሃ ማፍላት ስለሚቻልም ለከረሜላና ለድር ማልበሻ ይውላል። ሁለተኛው መንገድ በየቤቱ በረኪና ተብሎ በሚታወቀው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ኦክሳይድ ማድረግ ነው፤ ይህ ሰንሰለቱን ከመቁረጡም በላይ በላዩ አዳዲስ ቡድኖችን ስለሚፈጥር ሙቁ ነጭ፣ ጥርት ያለና ቶሎ የማይረጋ ይሆናል፤ በወረቀት ፊት ላይ ሲቀባም ቀለም እንዳይሰርግ ይረዳል።

ሦስተኛው መንገድ ማስተሳሰር ነው፤ በምግብ ፋብሪካ ትልቁን ሥራ የሚሠራውም ይኸው ነው። ፎስፌት ያላቸው ኬሚካሎች ሁለት ጎረቤት ሰንሰለቶችን በየመካከሉ ያያይዟቸዋል፤ ማገር የቤትን ግድግዳ እንጨቶች አስሮ እንደሚያቆም፣ ይህ ማሰሪያም ቅንጣቱ ሲያብጥ እንዳይፈርስ ይይዘዋል። ስለዚህ የታሸገ ሾርባ በከፍተኛ ሙቀት ቢቀቀል፣ ኬቻፕ በኮምጣጤ ውስጥ ለወራት ቢቆይ ውፍረቱን አይለቅም። አራተኛው መንገድ በሰንሰለቱ ላይ አሴቲል ወይም ሃይድሮክሲፕሮፒል የሚባሉ ትንንሽ ቡድኖችን መትከል ነው፤ እነዚህ ሰንሰለቶቹ ሲቀዘቅዙ ተመልሰው እንዳይጠጋጉ በመካከላቸው ስለሚገቡ፣ ምግቡ በረዶ ሆኖ ቢቀልጥም ውሃ አይተፋም። ብዙ ፋብሪካዎች ሦስተኛውንና አራተኛውን መንገድ በአንድነት ይጠቀማሉ።

ሌላው ዓይነት ሰንሰለቱ ላይ የኤሌክትሪክ አወንታዊ ቻርጅ የሚተክል ነው። የወረቀት ጭረት በውሃ ውስጥ አሉታዊ ቻርጅ ስላለው፣ ተራ ስታርች ከውሃው ጋር ሲፈስስ አወንታዊ የሆነው ግን ከጭረቱ ጋር ይጣበቃል፤ ወረቀቱ ይጠነክራል፣ ከፋብሪካው የሚወጣው ውሃም ይጠራል። የካርቶን ሙጫ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቀላል ነው። ስታርቹ በኮስቲክ ሶዳ የማበጫ ሙቀቱ ይወርዳል፣ በቦራክስ ሙጫነቱ ይጨምራል፣ ሞገዳማው ወረቀት በትኩስ ብረት መካከል ሲያልፍም በቅጽበት ይጣበቃል። ከኢትዮጵያ የሚላክ አበባ የሚታሸግበት ካርቶን የተያያዘው በዚህ ዓይነት ሙጫ ነው።

በታሸገ ምግብ ላይ የሚጻፉት ኢ 1412፣ ኢ 1414፣ ኢ 1422፣ ኢ 1442 የመሳሰሉት ቁጥሮች እነዚህን የተለወጡ ስታርቾች የሚገልጹ ናቸው። ሸማቹ ይህን ሲያነብ ሰብሉ በዘረ መል ምሕንድስና የተለወጠ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ሁለቱ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ እዚህ የተለወጠው ከሰብሉ የወጣው ዱቄት እንጂ የሰብሉ ዘር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የጤና ድርጅቶች የጋራ ባለሙያዎች እነዚህን ስታርቾች መርምረው ለምግብ እንዲውሉ የተቀበሏቸው ሲሆን፣ በላያቸው የሚታሰረው ኬሚካልም ገደብ ተበጅቶለታል፤ ለምሳሌ በአሴቲል የተለወጠ ስታርች ከክብደቱ ከ2.5 በመቶ በላይ አሴቲል እንዲይዝ አይፈቀድም።

በኢትዮጵያ የስታርች ምርምር አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረ ማርያምና ባልደረቦቻቸው ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእንሰት የሚገኘውን ስታርች ለክኒን ማያያዣነትና በሆድ ውስጥ ቶሎ እንዲፈርስ ለማድረግ ፈትነው ውጤቱን በዓለም አቀፍ መጽሔቶች አሳትመዋል፤ ቦዬ ከሚባለው ሥራ ሥር የሚወጣውም ስታርች በዚያው ትምህርት ቤት ተጠንቷል፣ በኬሚካልም ተለውጦ ተሞክሯል። የጤፍን ስታርች በተመለከተ ተመራማሪው ገረመው ቡልቶሳ ከደቡብ አፍሪካው የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 እና ከዚያ በኋላ ባወጧቸው ጥናቶች፣ የጤፍ ስታርች ከ68 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንደሚያብጥ፣ ከበቆሎ ስታርች ጋር ሲነጻጸርም ቀዝቅዞ የመደደር ዝንባሌው ዝቅተኛ እንደ ሆነ አሳይተዋል። የጤፍ እንጀራ ለሁለትና ለሦስት ቀን ለስልሶ ሲቆይ የበቆሎ እንጀራ በማግሥቱ የሚደርቀውና የሚፈረፈረው ለምን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ሰው፣ ከመልሱ አንዱ ክፍል እዚህ ይገኛል። ኬሚስቱ በአሴቲል የሚያመጣውን ልስላሴ ጤፍ በተወሰነ ደረጃ በተፈጥሮው ይዞታል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የቢቸና ጤፍ ለስታርች ፋብሪካ ቢውል መልካም ነው የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ የማያዋጣ ሐሳብ ነው። የጤፍ ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ በመሆናቸው ከፕሮቲኑ ለመለየትና ከውሃ ውስጥ ለማዝቀጥ አስቸጋሪ ናቸው፤ እህሉም ራሱ ደቃቅ ስለሆነ እንደ በቆሎ እምብርቱንና ገለባውን ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ከዚህ ሁሉ በላይ ጤፍ በአገሪቱ ካሉት እህሎች ውዱና የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የዕለት ምግብ ነው፤ ከምጣድ ነጥቆ ወደ ሙጫ ማሰሮ መውሰዱ በሒሳብም በሕሊናም አይደገፍም።

ለፋብሪካ የሚሆነው በቆሎ ነው። ዓለም ከሚያመርተው ስታርች አብዛኛው ከበቆሎ የሚወጣ ሲሆን፣ እህሉ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ባለበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ እምብርቱ፣ ገለባውና ፕሮቲኑ ከተለዩ በኋላ ከ100 ኪሎ ከ60 ኪሎ በላይ ስታርች ይገኛል፤ ከእምብርቱ ዘይት፣ ከተረፈው ደግሞ የከብት መኖ ይወጣል። ምዕራብ ጎጃም በቆሎ በብዛት የሚመረትበት በመሆኑ፣ በቡሬ የተቋቋመው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ስላለ፣ ትልቅ ፋብሪካ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

የሞጣና የጮቄ ሥር ደጋ ገበሬ ድርሻ ድንች ነው። የድንች ስታርች ቅንጣቱ ትልቅ፣ በተፈጥሮውም ጥቂት ፎስፌት የያዘ ስለሆነ ሙቁ ጥርት ያለና እጅግ ወፍራም ይሆናል፤ አወጣጡም ቀላል ነው፤ ድንቹ ታጥቦ ይፈገፈጋል፣ በወንፊት ይታጠባል፣ ውሃው ሲረጋ ስታርቹ ከሥር ይዘቅጣል፣ ተደጋግሞ ታጥቦም ይደርቃል። ችግሩ ድንች በአብዛኛው ውሃ መሆኑ ነው፤ ከ100 ኪሎ ድንች የሚገኘው ስታርች ከ15 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ለገበያ የሚሆነውን መልካም ድንች ለስታርች ማዋል ገበሬውን ይጎዳል፤ የሚያዋጣው በአዝመራ ወቅት ዋጋው የሚወድቀውን፣ ሲቆፈር የተቆረጠውን፣ ለገበያ የማይመጥነውን ደቃቅ ድንች ከየቀበሌው ሰብስቦ፣ በአነስተኛ ማቀነባበሪያ ቤት ስታርቹን በማውጣትና መጀመሪያ ብዙ ኬሚካል የማይፈልጉትን ሁለት ምርቶች፣ ማለትም በቁላት የሚገኘውን ዴክስትሪንና በአሲድ የቀጠነውን ስታርች በመሥራት ነው። በፎስፌትና በአሴቲል የሚሠራው የምግብ ስታርች ጥብቅ ቁጥጥርና የታጠቀ ቤተ ሙከራ ስለሚጠይቅ ለኋላ ሊቆይ ይገባል።

ቆሻሻው ገና ከጅምሩ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ስታርች የታጠበበት ውሃ ብዙ የሚበሰብስ ነገር ስለሚይዝ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ የውሃውን ኦክስጅን ያሟጥጣል፤ በኬሚካል ከተለወጠ ስታርች የሚወጣው ውሃ ደግሞ ጨው ይጨምራል። ከጮቄ የሚነሡት ሙጋና ሱሃ ወደ ዓባይ ሲወርዱ በየመንገዱ ሰውና ከብት የሚጠጣባቸው ስለሆኑ፣ የውሃ ማጣሪያ ያልተዘጋጀለት ማቀነባበሪያ በአካባቢው ባይከፈት ይሻላል።

ገዢው ሩቅ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሞጣ የአንድ ጠዋት መንገድ ነው፤ የሽመና ማሽን ድሩን በፍጥነት እየሳበ ሲሠራ ክሩ እንዳይበጠስ ድር በስታርች ሙጫ መልበስ አለበት፤ ጨርቁ ከተሠራ በኋላም ሙጫው ስታርችን በሚቆርጥ ኢንዛይም ታጥቦ ይወጣል። የኢትዮጵያ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የተለወጠ ስታርች ግን በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም አለ፤ በደብረ ማርቆስም ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሁለቱ ተስማምተው ከሞጣ ደቃቅ ድንች የወጣ፣ በአሲድ የቀጠነ ስታርች ለአንድ ወር ያህል በፋብሪካ ድር ላይ ቢሞክሩትና፣ የክሩን የመበጠስ መጠንና የኪሎውን ዋጋ ከውጭ ከመጣው ጋር አነጻጽረው ለገበሬው ማኅበራትና ለባለሀብቱ በአማርኛ ቢያቀርቡ፣ የአካባቢው ገበሬ ድንቹን ወደ ስታርች መለወጥ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት በቁጥር ላይ ተመሥርቶ ሊወስን ይችላል፤ ይህን ሙከራ ማዘግየት አይገባም።